ለሳወር ጋዝ የትኛው ብረት? ሻጩ «17-4 ውሰጂ» ይለኛል

ወለላ_መካኒካል (ባህረ ሰላጤ) · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንድ የጋዝ ማጣሪያ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ሀገር ቤት ስኳር ፋብሪካ ነበርኩ። እዚያ «እስቴንለስ ነው» ካሉሽ ነገሩ አለቀ፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅሽም።

አሁን ከአንድ ሴፓሬተር (ጋዙን ከፈሳሹ የሚለይ ታንክ) መውጫ ላይ ያለ ቫልቭ ሊታደስ ነው። ስቴሙ (መክፈቻ ዘንጉ) ይቀየራል፣ የቦኔቱ (የላይ ክዳኑ) ብሎንና ዳዶ ይቀየራል፣ አጠገቡ ያለው የኢንስትሩመንት ቱቦም አብሮ ይቀየራል። ጋዙ ሳወር ነው፣ ማለት ኤች-ቱ-ኤስ (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ መርዛማው ጋዝ) ያለበት፤ ግፊቱ 60 ባር፣ ኤች-ቱ-ኤሱ 1.2 በመቶ ነው። የዕቃው ሻጭ ለስቴሙ 17-4 የተባለውን እስቴንለስ ውሰጂ አለኝ። «የማይዝግ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በሁለት ሳምንት እጅሽ ይገባል» ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሁሉንም ዱፕሌክስ (ሌላ ዓይነት እስቴንለስ) አድርጊው አለኝ። ግዢ ክፍል በየቀኑ ይደውልልኛል። ማንን ልስማ?

በያጅ_ነኝ (ዶሃ) · ሰኞ ማታ

ዱፕሌክስ ያለሽ ልክ ነው። 2205 (የታወቀው ዱፕሌክስ) በይና ተገላገዪ። እኛ ጋ የማናደርግበት ቦታ የለም።

የካልጋሪው_ሽማግሌ (አልበርታ) · ማክሰኞ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ መረጃሽ ግን ጎዶሎ ነው። በያጅ ወንድማችንም ጎዶሎ መረጃ ላይ ሙሉ መልስ ሰጠ። ሙቀቱ ስንት ነው? ከጋዙ ጋር የሚመጣው ውሃ ክሎራይዱ ስንት ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይዱስ? 60 ባር ያልሽው ጌጅ ላይ የሚነበበው ነው ወይስ ፍፁሙ?

እስክትመልሺ አንዱን ስሌት እዚሁ እንሥራው። በዚህ ሥራ መቶኛ ብቻውን ምንም አይነግርሽም፤ የሚፈለገው ኤች-ቱ-ኤሱ ከጠቅላላው ግፊት የሚደርሰው ድርሻ ነው። 60 ባር ማለት 6,000 ኪሎፓስካል ነው። የዚያ 1.2 በመቶ 72 ኪሎፓስካል ይሆናል። ለሳወር ጋዝ ብረት በሚመረጥበት ደረጃ፣ በኔስ ኤምአር 0175፣ በሌላ ስሙ አይኤስኦ 15156፣ ጋዝ «ሳወር» ተብሎ ጥንቃቄ የሚጀመረው ከ0.3 ኪሎፓስካል ነው። አንቺ 240 እጥፍ አልፈሻል።

ሰው የሚሳሳተው ግን በትንሿ ቁጥር ነው። «100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ብቻ ነው» ይሉሻል። 70 ባር ላይ 100 ፒፒኤም 0.7 ኪሎፓስካል ነው፣ ከደፉ በላይ። ያው 100 ፒፒኤም 7 ባር ላይ 0.07 ነው፣ ከደፉ በታች። ጋዙ አንድ ነው፣ ግፊቱ ነው የለየው።

17-4ቱን በተመለከተ ነገ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አሁን ግን ዝም ብለሽ ፊርማሽን አታሳርፊ።

ጀማሪ_ኬሚስት (አዲስ አበባ) · ማክሰኞ

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከመሠረቱ አልገባኝም። ዝገት ከሆነ ብረቱ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ይለካል፣ ይቀየራል። ለምንድነው ስለ ኤች-ቱ-ኤስ ሲወራ ሁሉም ሰው እንደ ፈንጂ የሚያየው?

የካልጋሪው_ሽማግሌ · ማክሰኞ

ፈንጂም ነው። ብረት እርጥብ ኤች-ቱ-ኤስ ውስጥ ሲዝግ ላዩ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፣ መጀመሪያ በነጠላ አቶም። በተለመደው ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነ ተጣምሮ ጋዝ ሆኖ አረፋ ሠርቶ ይሄዳል። ሰልፋይዱ ይህን ጋብቻ ይከለክላል። ነጠላው አቶም ጥንድ ሲያጣ መሄጃው ወደ ውስጥ ነው፤ እጅግ ትንሽ አቶም ስለሆነ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ለስላሳ ብረት ውስጥ ቢገባ ብረቱ ይችለዋል። ጠንካራና የተወጠረ ብረት ውስጥ ሲገባ ግን ያንን ብረት እንደ ሸክላ ያደርገዋል፤ ቀድሞ ሳይሳሳ፣ ሳይለጠጥ፣ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። ሰልፋይድ ስትረስ ክራኪንግ የሚሉት እሱን ነው። ብረቱ ጠንካራ በሆነ ቁጥር ይብሳል። የስኳር ፋብሪካዋ ልጅ የሚያስቸግራት እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ «ጠንካራ ነው» ያላት እንደ ምስጋና ነው፣ እዚህ ሥራ ላይ ግን ክስ ነው።

ፈረንሳዮች ይህን በግዳቸው ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ላክ በተባለ የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ቦታ ጥልቅ ጋዝ ሲያገኙ ኤች-ቱ-ኤሱ 15 በመቶ ገደማ ነበር፣ የነበራቸው ብረት አልቻለውም። አዲስ ብረት እስኪያዘጋጁ ድረስ ዓመታት ጠብቀው ነው ጋዙን በስፋት ማምረት የጀመሩት፣ በ1957።

የካልጋሪው_ሽማግሌ · ረቡዕ ሌሊት

ቃል በገባሁት መሠረት የ17-4 ታሪክ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ክረምት፣ ከዜሮ በታች 30። እዚህ አገር አንድ የጋዝ ጣቢያ ለጥገና ቆሞ አደረ። ጠዋት ኦፕሬተሩ አንድ ቫልቭ ሊከፍት የእጁን ጎማ ያዘ፣ ጎማው በነፃ ዞረ። ደግሞ አዞረው፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ጌቱ፣ ውስጥ ያለው መዝጊያ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ፈተን ስናየው ስቴሙ ከክሩ በታች ተቆርጧል። አጠገቤ አስቀምጬ አየሁት። የተቆረጠበት ፊት ጠፍጣፋ ነበር፣ በስኳር እንደተነሰነሰ ያብለጨልጫል፤ አንገቱ አልቀጠነም፣ ምንም የመለጠጥ ምልክት የለውም። ለዓይን የሚታይ ዝገት እንኳን አልነበረበትም! ጎኑ ላይ ያለው የቶርኖ መስመር ገና አዲስ ነበር።

የቁስ መለያውን ሽጉጥ፣ ያን የኤክስሬይ መሣሪያ፣ አምጥተን ተኮስንበት። «17-4» አለ። ሰርተፊኬቱም «17-4» ይላል። ታዲያ ሁሉም ልክ ነው? ሃርድነሱን (ጥጥሬውን) ስንለካው በሮክዌል መለኪያ 43 ወጣ።

ነገሩ ይኸው ነው። 17-4 አንድ ስም ነው፣ ግን በሙቀት አያያዙ ብዙ ብረት ነው። ብረቱን በሙቀት አቆይቶ ማጠጠር «ማርጀት» ይባላል፤ በ900 ፋራናይት ያረጀው ኤች900 ከ40 በላይ ይጠጥራል፣ ለሳወር ጋዝ መርዝ ነው። ደረጃው የሚፈቅደው በ1150 ፋራናይት ሁለት ጊዜ ያረጀውን ነው፣ ያውም ሃርድነሱ ከ33 እንዳያልፍ ተብሎ፣ ያውም በጠባብ ገደብ፤ ኤች-ቱ-ኤሱ ከ3.4 ኪሎፓስካል እንዳይበልጥ። ሽጉጡ የሚያየው ክሮሚየምና ኒኬሉን እንጂ እንዴት እንደተጋገረ አይደለም። ካርቦንንም አያይም፣ ስለዚህ 316 የተባለውን እስቴንለስ ካርቦኑ ካነሰው ወንድሙ ከ316ኤል አይለይም። በሽጉጥ ብቻ የሚተማመን ግምጃ ቤት ያየ ሰው እኔን ይረዳኛል።

ወለላ፣ 72 ኪሎፓስካል ላይ ስለሆንሽ ለአንቺ ድርብ ኤች1150ም ቢሆን አይሆንም። ሻጩን አመስግነሽ ሸኚው።

ወለላ_መካኒካል · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግምጃ ቤት ሄጄ ከዚህ በፊት የተገዙ ሁለት ስቴሞች ላይ ሰርተፊኬታቸውን ፈለግሁ፤ አንዱ «17-4» ብሎ ብቻ ያቆማል፣ የሙቀት አያያዝ የሚባል መስመር የለውም። ደነገጥኩ።

የጠየቁኝን ይዤ መጥቻለሁ። 60 ባሩ ፍፁም ነው። ሙቀቱ 70 ዲግሪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ፣ ክሎራይዱ በሊትር 40,000 ሚሊግራም ነው። የፕሮሰስ ክፍሉ የውሃውን ፒኤች 4 ገደማ ነው አለ፣ በግፊቱ ሥር እንዳለ፣ ናሙና አውጥተው የለኩት አይደለም።

ክሎራይድ_አሳዳጅ (ሂዩስተን) · ረቡዕ ማታ

ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወርቅ ነው። ናሙና አውጥተሽ ላብራቶሪ ስትለኪው ጋዙ ስለሚወጣ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግን የበለጠ አሲድ ነው። የፕሮሰስ ክፍላችሁ ጥሩ ሰው አለው።

ቁጥሮችሽን ወስጄ ጋሽ የጠቀሱት ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሳሳርፋቸው፦ ዱፕሌክስ 2205 እስከ 10 ኪሎፓስካል ነው የተፈቀደለት፣ ሱፐር ዱፕሌክሱ እስከ 20። አንቺ 72 ነሽ። 13 ክሮም፣ ክሮሚየሙ 13 በመቶ የሆነው እስቴንለስ፣ ለጉድጓድ ቱቦ ይወደዳል፣ እሱም 10 ላይ ይቆማል፣ ፒኤቹም ከ3.5 በታች እንዳይወርድ ተብሎ። 316ኤል በዚህ ክሎራይድና ከ60 ዲግሪ በላይ ለግፊት ተሸካሚ ክፍል የሚያስተማምን አይደለም። ቀሪው የኒኬል ቅይጦች ቤተሰብ ነው፤ 825፣ 625፣ ካስፈለገም ሲ-276። ለስቴም ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ 718፣ ሃርድነሱ ከሮክዌል 40 ሳያልፍ፣ በኤፒአይ 6ኤ-ሲአርኤ የሙቀት አያያዝ የተሠራ ብለሽ እዘዢ። እዚያ ደረጃ ላይ ማይክሮስኮፕ ምርመራ አለ። 718 ሲበላሽ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ የሚሰለፍ ደልታ ፌዝ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ለመያዝ ነው።

በያጅ_ነኝ · ሐሙስ ጠዋት

እሺ፣ ዱፕሌክሱን መልሼ ወሰድኩ። እኛ ጋ የሚሠራው ጋዙ ከኤች-ቱ-ኤስ ንፁህ ስለሆነ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው ያለው። ይህን ሳልል መምከሬ ስህተት ነበር እህቴ።

ግን የሙያዬን ልጨምር። ዱፕሌክስ ስትበይጂ ሙቀቱ ከበዛም ካነሰም ይበላሻል። የፌራይቱ (ዱፕሌክስ ከተሠራባቸው ሁለት ዓይነት የብረት ቅርጾች አንዱ) ድርሻ ይዛባል፣ ሲግማ የሚባል ተሰባሪ ነገር ይፈጠራል። ያ ብየዳ ሰርተፊኬቱ ላይ «2205» ሊል ይችላል፣ ብረቱ ግን 2205 አይደለም። ከላይ ጋሽ ስለ 17-4 ያሉት ለእኔም ብየዳ ይሠራል።

ቆጣቢው (አቡ ዳቢ) · ሐሙስ

ሁላችሁም የሰው ገንዘብ ስለሆነ ኒኬል ትረጫላችሁ። ካርቦን ስቲል የተከለከለ አስመሰላችሁት እኮ! የዚህ ዓለም አብዛኛው የሳወር ጋዝ መስመር ካርቦን ስቲል ነው። ሃርድነሱ ከሮክዌል 22 ካልበለጠ፣ ኒኬሉ ከ1 በመቶ ካልበለጠ፣ ብየዳው ከ250 ቪከርስ (ሌላው የሃርድነስ መለኪያ) ካልበለጠ መሰንጠቁን ይቋቋማል። የሚቀረው መሳሳት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኢንሂቢተር (ዝገት የሚያዘገይ ኬሚካል) እና የዝገት ትርፍ ውፍረት አለ። ጋዙ ከደረቀ ደግሞ፣ ጋዙን ከሚያደርቀው ግላይኮል ማማ በኋላ፣ ውሃ ስለሌለ ዝገትም የለም።

የካልጋሪው_ሽማግሌ · ሐሙስ

ቆጣቢው ልክ ነው፣ በግማሽ። ዕቃው ሁሉ ኒኬል ይሁን ያለ ሰው የለም፤ የሴፓሬተሩ አካል ራሱ ካርቦን ስቲል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ግን ሦስት ነገር ጨምርበት። ተዳምጦ የተሠራ ጠፍጣፋ ብረት ከሆነ፣ ውስጡ የማንጋኒዝ ሰልፋይድ ክር ካለ ሃይድሮጅኑ እዚያ ይከማችና ብረቱን እንደ እንጀራ ዓይን ያነፋዋል። ስለዚህ ሰልፈሩ ያነሰ፣ ለዚህ መሰንጠቅ በተዘጋጀው ፈተና፣ በኔስ ቲኤም 0284፣ የተፈተሸ ጠፍጣፋ ብረት ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ኢንሂቢተር ፓምፑ ሲቆም ይቆማል፣ ፓምፕ ደግሞ ዓርብ ማታ ነው የሚቆመው። ሦስተኛ፣ ስቴምና ሲት (መዝጊያው የሚያርፍበት ቦታ) ላይ የዝገት ትርፍ ውፍረት የሚባል ነገር የለም፤ አስርኛ ሚሊሜትር ከተበላ ቫልቩ አይዘጋም። ለዚህ ነው ትልቁ አካል ርካሽ፣ ትንሿ ክፍል ውድ የምትሆነው።

ስለ 250 ቪከርሱም ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው እንደ ፎርማሊቲ ያየዋል። ካሻጋን፣ ካዛኪስታን ውስጥ ካስፒያን ባህር ላይ ያለው የነዳጅ መስክ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ማምረት ጀመረና በሳምንታት ውስጥ ቧንቧው አፈሰሰ። እዚያ ኤች-ቱ-ኤሱ 15 በመቶ ገደማ ነው። ምርመራው ሰልፋይድ ስትረስ ክራኪንግ ነው አለ፣ ብረቱ ቦታ ቦታ ላይ ከሚፈቀደው በላይ ጠጥሮ ተገኘ። የነዳጁና የጋዙ ሁለቱም መስመር፣ ሲደመር ወደ 200 ኪሎሜትር የሚጠጋ፣ ውስጡ በኒኬል ቅይጥ በተለበጠ ቧንቧ ተተካ። ምርቱ የተመለሰው በ2016 መጸው ነው። ሦስት ዓመት፣ ከአንድ የሃርድነስ ቁጥር የተነሳ።

በያጅ_ነኝ · ሐሙስ ማታ

እኔ ጋ ቪከርስ የሚለካው ሰው ሲመጣ «ደግሞ መጣ» እንባባል ነበር። ነገ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ወለላ_መካኒካል · ዓርብ

ስቴሙ ገባኝ፤ 718። ብሎኑስ? አሁን ላዩ ላይ ያለው ቢ7 የተባለው የተለመደ ጠንካራ ብሎን ነው፣ ግን ከጋዙ ጋር አይገናኝም፣ ውጭ ነው። ደግሞ ስንሠራ 70 ዲግሪ ነው፣ የሰልፋይዱ መሰንጠቅ በሙቀት ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ክሎራይድ_አሳዳጅ · ዓርብ

ሁለት ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ላስቀድም። ለካርቦንና ለዝቅተኛ ቅይጥ ብረት መሰንጠቁ የሚብሰው በክፍል ሙቀት አካባቢ ነው፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ማጣሪያው ሲቆም ይቀዘቅዛል እኮ። ግፊቱ ሳይወርድ ሲቀዘቅዝ ያ ነው መጥፎው ሰዓት። የጋሽ ስቴም መቼ እንደተገኘ ተመልከቺ፣ ቆሞ ባደረበት ማግስት ነው። የማይዝገው ብረት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ክሎራይድ የሚሰነጥቀው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ማየት አለብሽ፣ የሥራውን ሙቀት ብቻ አይደለም።

ብሎኑ፦ ለአየር የተጋለጠ ከሆነና ጋስኬቱ ትንሽ ቢያፈስ ጋዙ በንፋስ የሚሄድ ከሆነ ቢ7 ይፈቀዳል። ግን ላዩ ላይ ኢንሱሌሽን ካለ፣ ወይም የፍላንጅ መሸፈኛ ቀበቶ ካለ፣ ወይም ከተቀበረ፣ ያ ጠብታ እዚያው ታምቆ ይቀራል፣ ብሎኑም ሳወር ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ያኔ ለስለስ ያሉት፣ ቢ7ኤም ብሎን ከ2ኤችኤም ዳዶ ጋር። ቫልቭሽ የተሸፈነ ነው?

ወለላ_መካኒካል · ዓርብ

ተሸፍኗል። የኢንሱሌሽን ቆርቆሮ አለው። ወይኔ።

ቆጣቢው · ዓርብ

ለቢ7ኤም ስትቀይሪ የማጥበቂያውን ሰንጠረዥም ቀይሪ። ቢ7 መለጠጥ የሚጀምረው 720 ሜጋፓስካል ላይ ነው፣ ቢ7ኤም 550 ላይ። አንድ ቴክኒሻን በድሮው ቁጥር አጥብቆ ብሎኖቹ ተለጥጠው፣ ግፊት ሲሞላ ፍላንጁ ሲያላቅስ አይቻለሁ። ብረቱ ልክ ነበር፣ ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር ነበር ስህተቱ። ደግሞ ቦኔቱ በአዲሱ ቁጥር ማሸግ መቻሉን ለዲዛይን ክፍል አስረጂ፣ ዝም ብለሽ አትቀንሺ።

ጀማሪ_ኬሚስት · ቅዳሜ

ልክ እንደ ማስታወሻ ልጠይቅ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ሀገር ምን ይመለከተናል?

የላንጋኖ_ጎረቤት (ዝዋይ) · ቅዳሜ

ይመለከተናል እንጂ። ላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ ከመሬት የሚወጣው እንፋሎት ኤች-ቱ-ኤስም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይዞ ነው የሚመጣው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የጋዝ ሰዎቹ ደረጃ በቀጥታ አይሠራም፣ ጠባዩ ግን ያው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መጀመሪያ የሚጠቁረው መዳብና ብር ነው፤ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ጥቁር ልባስ ይይዝና መቆጣጠሪያው ያብዳል። የጓሮ ባዮጋዝ ያለውም ሰው ያውቀዋል፤ ከከብት እበት የሚወጣው ጋዝ የምድጃውን ነዳጅ ማስተላለፊያ ናስ ያጠቁራል። የዛገ የብረት ፍቅፋቂ በሞላ ማሰሮ አሳልፎ ማጥለል የተለመደ ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ዝገቱ ሰልፋይዱን ይይዘዋል። (ማሰሮውን ስትከፍቱት ተጠንቀቁ፣ የብረት ሰልፋይድ ሲደርቅ አየር ሲያገኝ ራሱ ይጤሳል። ውሃ እረጩበት።)

የካልጋሪው_ሽማግሌ · ቅዳሜ

ይህን ቅንፍ በቀይ ጻፉልኝ። ማንኛውም የሳወር ጋዝ ዕቃ ሲከፈት ያው ነው። ወለላ፣ ያንን ቫልቭ ስትፈቺ ውስጡን እያረጠባችሁ ክፈቱት፣ የመተንፈሻ አየርም አድርጉ። ኤች-ቱ-ኤስ 100 ፒፒኤም ላይ አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ወለላ_መካኒካል · ቅዳሜ ማታ

እሺ ጋሼ፣ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ጨምሬዋለሁ። የቀረኝ የኢንስትሩመንት ቱቦው ነው። አሁን ያለው 316 ነው። በሰንጠረዡ ከሄድኩ አይሆንም፣ ግን ሁሉም ጋ ያለው እሱ ነው።

ክሎራይድ_አሳዳጅ · እሑድ

ደረጃው ራሱ ስለዚህ የተለየ ሰንጠረዥ አለው። ለኢንስትሩመንት ቱቦና ለፊቲንጉ 316 ከምድር በላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ስለኖረ ገደብ አላስቀመጠበትም። ስለዚህ አልተከለከልሽም። አንቺ ጋ ግን ችግሩ የሚመጣው ከውስጥ አይደለም። የባህር ዳር አየር ነው። ጨው ቱቦው ላይ ያርፋል፣ የፕላስቲክ ክላምፑ ሥር እርጥበት ይታሰራል፣ ፀሐይዋ ታሞቀዋለች። ክላምፑን አንሺውና ሥሩን በጥፍርሽ ዳብሺው፤ ትንንሽ ጉድጓዶች ካገኘሽ መልሱ ያ ነው። ያኔ ሞሊብዲነሙ 6 በመቶ የሆነውን እስቴንለስ ወይም 825 ቱቦ ጠይቂ። ዋጋው ያስደነግጣል፣ ርዝመቱ ግን ስንት ሜትር ነው?

ወለላ_መካኒካል · ማክሰኞ

ሁለት ክላምፕ አነሳሁ። ከሥራቸው የሻይ ቀለም ያለው ቀለበት አለ፣ አንዱ ላይ ጥፍሬ ያዘ። አሥራ አራት ሜትር ነው፤ 825 አዘዝኩ።

ስቴሙ 718 ሆኖ ሄዷል፣ ትዕዛዙ ላይ የሙቀት አያያዙንና የሃርድነስ ጣሪያውን በቁጥር ጽፌያለሁ፣ ሰርተፊኬቱ ያለ እነሱ ከመጣ ዕቃው አይገባም ብያለሁ። ርክክቡ አሥር ሳምንት ነው። ግዢ ክፍል ደስ አላለውም። የ17-4 ሻጩ ዛሬ ደግሞ ደወለ። «የኛ እኮ ኤች1025 ነው፣ ያንቺ ሰው ኤች900 ነው ያለው» አለኝ። ጋሼ፣ ኤች1025 ስንት ነው?

የካልጋሪው_ሽማግሌ · ማክሰኞ

ዝቅተኛው 35 ነው። ጣሪያው 33 ነው ብለሽ ስልኩን ዝጊው፣ 72 ኪሎፓስካሉን ገና ሳትነግሪው።